ያልተጠየቀው ውሃ፦ የቤንጋል ጉድጓዶች ታሪክና ለሐኪም ያለው ትምህርት

ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጡ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አንድ ሰው በልጃቸው ተደግፈው ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ገቡ። አንገታቸው አልዞር ስላለ፣ ወደ እኔ ለመመልከት መላ ሰውነታቸውን ማዞር ነበረባቸው። ጀርባቸው ደርቆ ጎብጧል፤ ጉልበታቸው በወጉ አይታጠፍም፤ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኗል። ሥራቸውን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜና ቀደም ሲል የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው እንደሆነ ጠየቅሁ። በካርዳቸው ላይ «የመገጣጠሚያ ሕመም» ብዬ ጻፍሁ፤ ማስታገሻም አዘዝሁ። ሊወጡ ሲሉ ልጃቸው በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ዶክተር፣ በእኛ ሰፈር እንዲህ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ውሃው ነው ይላሉ» አለኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ራሴን ነቀነቅሁና ቀጣዩን ሕመምተኛ ጠራሁ።

ያን ዕለት ሳልጠይቅ የቀረሁት ጥያቄ አጭር ነበር፦ «አባባ፣ የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?» የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህችን ጥያቄ ታሪክ መመርመር ነው። ለዚህም በሰፊው የተጠናውንና እጅግ የከበደውን ምሳሌ፣ የቤንጋልን የአርሰኒክ መመረዝ መርጫለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ይሁን።

ሁለት መሠረቶች

የዘመናዊው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት አንዱ መነሻ የጉድጓድ ውሃ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታወስም። በ1854 በለንደን ኮሌራ በተነሣ ጊዜ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን መኖሪያ እየመዘገበና ቤተሰቦቻቸውን እየጠየቀ፣ የበሽታው ማዕከል በብሮድ ጎዳና የቆመው የሕዝብ ፓምፕ መሆኑን አሳየ። ፓምፑ ይስብ የነበረው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ውሃ ነው። ውሃው ለምላስ የሚጥም ስለነበር፣ ከሰፈሩ ለቀው ከሄዱ በኋላ እንኳ ከዚያው የሚያስመጡ ሰዎች ነበሩ። ስኖው የበሽታውን ተሕዋስ ለይቶ በማሳየት አልነበረም ያስረዳው፤ የጠጣውን ካልጠጣው በመለየት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1856፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ ስለ ዲዦን ከተማ የውሃ አቅርቦት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን መጠን የሚወስነውን ሕግ አቀረበ። ሙከራው ቀላል ነበር፤ አሸዋ በሞላው ቱቦ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ፣ ከላይና ከታች ያለውን የግፊት ልዩነት ከሚያልፈው ውሃ ጋር አነጻጸረ። የከርሰ ምድር ውሃ ሳይንስ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ሕግ ላይ ነው።

ሐኪሙ «ውሃው ማንን አሳመመ?» ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሱ ደግሞ «ውሃው ምን ያህልና በምን ፍጥነት ይፈሳል?» አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች ታላላቅ ሥራዎችን ወልደዋል። ነገር ግን ሁለቱ ሙያዎች በየፊናቸው ሲያድጉ በመካከላቸው አንድ ጥያቄ ወድቆ ቀረ፤ ይኸውም «ውሃው በሚያርፍበት አፈርና አለት ውስጥ ምን ይዞ ይወጣል?» የሚለው ነው። የቤንጋል ታሪክ የዚህ የወደቀ ጥያቄ ታሪክ ነው።

የጉድጓዱ ስጦታ

ቤንጋል ስንል የዛሬይቱን ባንግላዴሽና የህንድን የምዕራብ ቤንጋል ግዛት ማለታችን ነው። አገሩ የጋንጅስና የብራህማፑትራ ወንዞች ከሂማላያ ተራሮች እየጠረጉ ባመጡት ደለል የተሠራ ሜዳ ነው። ውሃ በዚያ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቅ የነበረው ንጹሕ ውሃ ነው። ሕዝቡ የሚጠጣው ከኩሬና ከወንዝ ሲሆን፣ ሰው የሚታጠብበትም ከብት የሚጠጣበትም ያው ኩሬ ነበር። ኮሌራና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎች በየዓመቱ ብዙ ሕፃናትን ይጨርሱ ነበር።

በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የባንግላዴሽ መንግሥት የሕዝብ ጤና ምሕንድስና መሥሪያ ቤትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ያመጡት መፍትሔ ቀላልና ርካሽ ነበር። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቱቦ ወደ ለስላሳው ደለል ይሰድዳሉ፤ በአናቱ ላይ የብረት የእጅ ፓምፕ ይተክላሉ። አፈሩ ስለማያስቸግር ሥራው በአጭር ጊዜ፣ በሰው ጉልበት ይጠናቀቃል። የሚወጣው ውሃ በአሸዋ ተጣርቶ የመጣ በመሆኑ ከኩሬው ጀርሞች የጸዳ ነበር። ሕዝቡ ጥቅሙን ሲያይ ከማንም እርዳታ ሳይጠብቅ በራሱ ገንዘብ ያስቆፍር ጀመር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጉድጓዶቹ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ከአሥር ባንግላዴሻውያን ዘጠኙ የሚጠጡት የከርሰ ምድር ውሃ ነበር።

ይህን ሥራ ዛሬ ላይ ቆሞ ማንኳሰስ ተገቢ አይደለም። በኩሬ ውሃ የሚሞት ሕፃን ሞቱ በዚያው ሳምንት ይታያል፤ ጉድጓዱ ያንን ሞት ለማስቀረት የመጣ ነው። ስሕተቱ ያለው ጉድጓድ በመቆፈሩ ላይ ሳይሆን፣ «ጀርም የሌለው ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው» የሚለው እምነት ሳይመረመር በመቅረቱ ላይ ነው። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፣ ውሃው ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ነገር ይዞ መውጣቱን የጠረጠረ አልነበረም።

ካልካታ፣ 1983

ጥርጣሬው የተጀመረው ከመሐንዲሶች ዘንድ አይደለም። በ1983 በካልካታ የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የቆዳ ሕክምና ክፍል ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ኬ. ሲ. ሳሃ፣ ያልተለመደ የቆዳ ለውጥ ያላቸው ገበሬዎች ከምዕራብ ቤንጋል መንደሮች ሲመጡ አስተዋሉ። በደረታቸውና በጀርባቸው ላይ በአቧራ ላይ የወረደ የዝናብ ነጠብጣብ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ምልክት ነበረባቸው። የእጃቸው መዳፍና የእግራቸው ውስጥ ደግሞ ደድሮ፣ እንደ ኪንታሮት ያለ ጠንካራ እባጭ አውጥቷል።

ለጊዜው ማንም የቆዳ ሐኪም ይህን በሥጋ ደዌ ወይም በሌላ የቆዳ በሽታ ስም መዝግቦ ቅባት ሊያዝዝለት ይችል ነበር። ዶክተር ሳሃ ግን ምልክቱ ሥር የሰደደ የአርሰኒክ መመረዝ መሆኑን ለዩ፤ ምንጩም የጉድጓዱ ውሃ ሆኖ ተገኘ። እስከ 1987 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከድንበር ማዶ ከባንግላዴሽ የመጡ ጥቂት ሕመምተኞችም በዚያው ክፍል ታይተው ነበር። ደለሉም ወንዙም ድንበር አያውቅምና የዚህ ትርጉም ግልጽ ነበር። ቢሆንም በባንግላዴሽ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት አርሰኒክን በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያረጋገጠው በ1993፣ በናዋብጋንጅ ወረዳ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቁፋሮው ቀጥሎ ነበር።

መረጃው በካልካታ ሲጠራቀም፣ የጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዲፓንከር ቻክራቦርቲና ባልደረቦቻቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ ውሃ፣ ጸጉርና ጥፍር መመርመር ያዙ። በ1995 በካልካታ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተጠራ። ከዚያ በኋላ የዳካ የማኅበረሰብ ሆስፒታል ከእነርሱ ጋር በመተባበር በባንግላዴሽ መንደሮች ሕመምተኞችን መፈለግ ጀመረ።

የሚታወቅ ነገር ለምን አልታወቀም?

የዚህ ታሪክ አሳዛኙ ገጽታ፣ የአርሰኒክ ውሃ ጉዳት ለሕክምና ሳይንስ አዲስ አለመሆኑ ነው። በአርጀንቲና በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች ከጉድጓድ ውሃ ጋር የተያያዘውን የቆዳ በሽታ ገልጸውት ነበር። በታይዋን በ1968 የታተመ ጥናት ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ያለው አርሰኒክ በጨመረ ቁጥር የቆዳ ካንሰር እንደሚጨምር አሳይቷል። በዚያው አካባቢ የእግር ደም ሥሮች ተዘግተው እግር የሚጠቁርበት በሽታ ይታወቅ ነበር። በቺሊዋ አንቶፋጋስታ ከተማ ከ1958 እስከ 1970 ሕዝቡ በሊትር ከ800 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ያለበትን ውሃ ጠጥቷል፤ ማጣሪያ ተተክሎ መጠኑ ከቀነሰ ከአሥርት ዓመታት በኋላም የሳንባና የፊኛ ካንሰር ከፍ ብሎ ታይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን በመጠጥ ውሃ ለሚገኝ አርሰኒክ ወሰን ያወጣው ቀደም ብሎ ነው። በ1958 ወሰኑ በሊትር 200 ማይክሮግራም ነበር፤ በ1963 ወደ 50፣ በ1993 ደግሞ ወደ 10 ዝቅ ብሏል። እንግዲህ የቤንጋል ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ወሰኑም፣ መመርመሪያውም፣ የታይዋን ጥናትም ነበሩ። ያልነበረው የታይዋንን ጥናት ያነበበው ሐኪምና የቤንጋልን ጉድጓድ የሚቆፍረው መሐንዲስ የሚገናኙበት መድረክ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ደርሷል። በ1992 አንድ የብሪታንያ የጂኦሎጂ ተቋም በባንግላዴሽ የሚገኙ የተወሰኑ ጉድጓዶችን ውሃ መርምሮ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በምርመራው ከተካተቱት ንጥረ ነገሮች መካከል ግን አርሰኒክ አልነበረም። በኋላ በመመረዙ የተጎዱ ባንግላዴሻውያን ተቋሙን በለንደን ከሰሱ። በ2006 የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት የበላይ ዳኞች፣ ተቋሙ በእነዚያ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ሕጋዊ ግዴታ የለበትም በማለት ክሱን ውድቅ አደረጉ። ሕጉ የራሱ ሚዛን አለው። ከሕጉ ውጭ ላለን ባለሙያዎች ግን ጥያቄው ይቀራል፤ አንድን ነገር ሳይፈትሹ መተው በሪፖርት ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ሳይሆን «ምንም የለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላልና።

የመከራው ስፋት

በባንግላዴሽ መሥሪያ ቤትና በብሪታንያ ተመራማሪዎች ትብብር የተካሄደውና በ2001 የታተመው ጥናት 3,534 ጉድጓዶችን መረመረ። ከ150 ሜትር በታች ጥልቀት ካላቸው ጉድጓዶች መካከል 27 በመቶዎቹ ከአገሪቱ ወሰን፣ ከ50 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ነበረባቸው። በዓለም ጤና ድርጅት የ10 ማይክሮግራም ወሰን ሲለካ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 46 በመቶ ከፍ ይላል። ከ150 ሜትር በላይ ከጠለቁት ግን ከ50 ማይክሮግራም ያለፉት አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2000 የካሊፎርኒያው የኤፒዲሚዮሎጂ ሊቅ አለን ስሚዝና ባልደረቦቻቸው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ እንዳሰሉት፣ ከ125 ሚሊዮኑ ሕዝብ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን የሚሆነው ለአደጋው ተጋልጦ ነበር። በታሪክ ከታየ የሕዝብ መመረዝ ሁሉ የሚልቅ መሆኑንም ገልጸዋል።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሕይወት ለመረዳት የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያሻል። የቆዳው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከዓመታት መጠጣት በኋላ ነው፤ ካንሰሩ ደግሞ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ይመጣል። ምልክቱ የወጣበት ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ተላላፊ ደዌ እንደያዘው ይቆጠር ነበር፤ ሳያገቡ የቀሩ ልጃገረዶችና ከትዳራቸው የተፈናቀሉ ሴቶች ነበሩ። ሰዎቹን በአንድ ጊዜ መርዙም መገለሉም ጎዳቸው።

መርዙ ከየት መጣ?

አደጋው በታወቀ ጊዜ ብዙዎች የፈለጉት ጥፋተኛ ፋብሪካ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ፣ ለመስኖ ብዙ ውሃ በመሳቡ የውሃው ወለል ዝቅ ብሎ፣ አየር ወደ ውስጥ ገብቶ አርሰኒክ ያለባቸውን የድኝ ማዕድናት አፍርሷል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይሁን እንጂ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሰበሰበው ማስረጃ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ አመለከተ፤ ምክንያቱ የአየር መግባት ሳይሆን የአየር መታጣት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንዞቹ ከተራራው የሚያመጡት የአሸዋ ቅንጣት በብረት ዝገት የተሸፈነ ሲሆን፣ በዝገቱ ላይ ጥቂት አርሰኒክ ተጣብቋል። ደለሉ ከበሰበሱ ዕፅዋት ጋር ሲቀበር፣ በመሬት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የዕፅዋቱን ቅሪት እየተመገቡ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ የብረቱን ዝገት ለዚሁ ተግባር ይጠቀሙበታል። ዝገቱ ሲሟሟ በላዩ የነበረው አርሰኒክ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ስለዚህ መርዙን ማንም ሰው አልጨመረውም፤ ሰው ያደረገው ቱቦውን መርዙ ወዳለበት ንብርብር ማውረድ ነው። ጥልቀት ያለው ደለል ዕድሜው የረዘመና አርሰኒኩ አስቀድሞ የታጠበ ወይም ተይዞ የቀረ በመሆኑ ውሃው በአብዛኛው ደኅና ነው። ደለሉ ወጥ ባለመሆኑም በአንድ መንደር ውስጥ በጥቂት አሥር ሜትሮች የሚራራቁ ሁለት ጉድጓዶች፣ አንዱ ጤናማ ሌላው መርዛማ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀይና አረንጓዴ

ከዚህ የተነሣ አንዱን ጉድጓድ ፈትሾ ስለ ጎረቤቱ መናገር አይቻልም። ባንግላዴሽ በመላ አገሪቱ ባካሄደችውና በ2003 ባበቃው ዘመቻ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች በመስክ መመርመሪያ ተፈተሹ። ከወሰኑ በታች የሆነው ፓምፕ አረንጓዴ፣ ያለፈው ቀይ ቀለም ተቀባ። 1.4 ሚሊዮን ያህሉ ቀይ ሆኑ። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ልጇን የትኛውን ማጠጣት እንዳለባት በዓይኗ አየች። ብዙዎች ወደ ጎረቤት አረንጓዴ ፓምፕ ዞሩ፤ ሆኖም ርቀት፣ ከጎረቤት ጋር ያለ ቅሬታ ወይም የአረንጓዴ ጉድጓድ መታጣት በቀዩ ያስቀራቸውም ጥቂት አልነበሩም።

አንባቢ «ታዲያ ምድሩን ራሱን ማጽዳት አይቻልም ወይ?» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ የሌላ አገር ልምድ ይረዳናል። በአሜሪካ፣ ፋብሪካዎች ያፈሰሱት ማሟሟያ ፈሳሽ ብዙ ውሃ አዘል ንብርብሮችን በክሎ ስለነበር በ1980 የማጽዳት ሕግ ወጣ። የተለመደው ዘዴ ውሃውን በፓምፕ ስቦ፣ ከላይ አጣርቶ መልቀቅ ነበር። በ1994 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ግምገማ ግን ከተመለከታቸው 77 ቦታዎች በ69ኙ የጽዳቱ ግብ ገና አልተደረሰበትም ነበር። ብክሉ በአሸዋው ቀዳዳና በሸክላው ውስጥ ተደብቆ ለአሥርት ዓመታት ጥቂት በጥቂት ይለቀቃልና። ምንጩ አንድ ፋብሪካ፣ ስፋቱም የታወቀ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ምንጩ የአንድ አገር ደለል በሙሉ የሆነበትን ማጽዳት የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ በቤንጋል የተሠራው ሰውን ከመርዙ ማራቅ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም፣ የኩሬ ውሃ በአሸዋ ማጣራት፣ በቤት ውስጥ ማጣሪያ መጠቀም። ከማጣሪያዎቹ መካከል በኬሚስቱ አቡል ሁሳም የተሠራውና በ2007 በአሜሪካ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያገኘው የባልዲ ማጣሪያ ይጠቀሳል። ዋና ክፍሉ የብረት ፍቅፋቂ ነው። በመሬት ውስጥ ሟሙቶ አርሰኒኩን የለቀቀው ብረት፣ በባልዲው ውስጥ ከአየር ጋር ሲገናኝ ዝጎ መልሶ ይይዘዋል።

የሕክምናው ምርምርም አልተቋረጠም። ከ2000 ጀምሮ በአራይሃዛር ወረዳ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2010 ላንሴት በተባለው መጽሔት ሲታተም፣ በተጠኚዎቹ መካከል ከደረሰው ሞት አንድ አምስተኛ ያህሉ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ካለበት ውሃ ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ። ከዚሁ ጥናት በኋላ የተገኘው ውጤት ደግሞ የሚያጽናና ነው፤ ወደ ደኅና ውሃ ዞረው በሰውነታቸው ያለው አርሰኒክ የቀነሰላቸው ሰዎች ሥር በሰደዱ በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ቀንሷል። ቢሆንም በ2016 ሂዩማን ራይትስ ዋች ባወጣው ዘገባ፣ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው አሁንም ከወሰኑ በላይ የሆነ ውሃ እንደሚጠጣ፣ መንግሥት ከሚያስቆፍራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙዎቹም ችግሩ ወዳለበት ሳይሆን የፖለቲካ ሰዎች ወደ ወደዱት ቦታ እንደሚሄዱ ተገልጿል። ሳይንሱ መንገዱን ካሳየ በኋላም እንኳ ጉድጓዱ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው ሌላ ነው።

ወደ ስምጥ ሸለቆ

ይህን ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ሐኪም የምተርከው ሩቅ ስለሆነ አይደለም። በእኛ ስምጥ ሸለቆ በአርሰኒክ ፈንታ ፍሎራይድ አለ። የእሳተ ገሞራው አለት ፍሎራይድ ይዟል። በተለመደው ውሃ ውስጥ ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል፤ የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን በሶዲየም የበለጸገ፣ በካልሲየም የደኸየ በመሆኑ ፍሎራይዱ በነጻ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንድ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1954 ሥራ ሲጀምር በሸንኮራ እርሻው ዙሪያ የሠራተኛ መንደሮች ተመሠረቱ፤ የጉድጓድ ውሃም ይጠጣ ነበር። ሐኪሞች የጀርባና የመገጣጠሚያ መድረቅ ያለባቸውን የቆዩ ሠራተኞች ለይተው የገለጹት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ባደረጉት ጥናት ጉዳዩን አስፍተው አቀረቡ። አጥንቱ እየወፈረ ሲሄድ ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖ እግርን እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። እዚህም የበሽታው ጊዜ ከቤንጋሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ጉድጓዱ የሚሰጠው ጥቅም በዓመቱ ሲታይ፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ መጠጣት በኋላ ነው።

መፍትሔው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በቤንጋል ጠልቆ መቆፈር ያድናል፤ በስምጥ ሸለቆ ጠልቆ መቆፈር ከፍተኛ ፍሎራይድ ወዳለበት ሙቅ ውሃ ሊያደርስ ይችላል። በዚህ አገር የሚሻለው ከደጋው ምንጭ ውሃ መሳብ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም፣ ወይም በአጥንት ከሰልና በአልሙኒየም ሰልፌት ማጣራት ነው። የአንዱን አገር መድኃኒት ሳይመረምሩ ለሌላው ማዘዝ ያው የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ሁለቱን አገሮች አንድ የሚያደርጋቸው ጥያቄው ብቻ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ

የአርሰኒክ ምልክት መዳፍ ላይ ነው፤ የፍሎራይድ ምልክት ጥርስ ላይ ነው። ጥርስ የሚሠራው በልጅነት ስለሆነ፣ የአንድ ጎልማሳ ቡናማ ጥርስ በሕፃንነቱ የጠጣው ውሃ መዝገብ ነው። እኚያ ሰው መዝገቡን በአፋቸው ይዘው ፊቴ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸውም ጮክ ብሎ አንብቦልኛል። እኔ ግን ላነብበው አልቻልሁም። ተመልሰውም አልመጡም። ቢመጡ ኖሮ የደረቀውን አጥንታቸውን ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት አልነበረኝም፤ በር ላይ ቆሞ ለነበረው ልጃቸውና ቤት ላሉት የልጅ ልጆቻቸው ግን የሚጠቅም ነገር ነበረኝ፤ ያም ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ጉዳዩ ለሚመለከተው የውሃና የጤና ክፍል ማድረስ ነው።

ዶክተር ሳሃ በ1983 ያደረጉት ከዚህ የተለየ ተአምር አይደለም። የያዙት መሣሪያ የእኛው የተመላላሽ ክፍል ዓይንና ጆሮ ነበር። የውሃ ላቦራቶሪ በየወረዳው እስኪዳረስ ድረስ፣ የአንድ አካባቢ ሰዎች በተመሳሳይ ሕመም ሲመጡ ቀድሞ የሚያየው ሐኪሙ፣ ነርሱና የጤና ሠራተኛው ነው። ስለሆነም ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር ሦስት ነገሮች እንዲመዘገቡ እጠይቃለሁ፦ የሚጠጣው ውሃ ምንጭ፣ ከዚያ ምንጭ የጠጣበት ዘመን፣ በሰፈሩ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሌላ ሰው መኖሩ። መዝገቡን ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እኔ በዚያ ዕለት ወረፋው ረጅም ነው ብዬ የቆጠብኩት ደቂቃም ይኸው ነበር።